ጀልባዋን በእኔ ቃል እንዳይሸጧት

ለውድ አባቴ፣ ለዶን ቴኦዶሚሮ ቹንጋ፤

አባባ፣ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚይዝዎ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም «የሞተሩ ጭስ ነው» እያሉ እማዬን ይሸነግሏታል? እማዬስ የግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች? እኅቴ ኢርማና ባሏ፣ ልጆቻቸው፣ ያ እንቅልፋም ውሻችን ሳይቀር ሁሉም ደህና ናቸው? ባሕሩስ እንዴት ይዟችኋል? የዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎቹ ጭስ ሰፈራችን ድረስ ይሸታል ወይስ እንደ ባለፈው ዓመት ጭስ ማውጫዎቹ ደርቀው ቆመዋል? ይህን ሁሉ የምጠይቅዎ ከልቤ ነው፤ መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ሌላ ነገር ልሮጥ ነውና ግን ይቅር ይበሉኝ። እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። ከዝናቡ በቀር እዚህ የሚያስቸግረኝ የለም። ቀልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል፤ ይህን ገጽ እስክጨርስ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨምሬያለሁ፣ ቤቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ እስኪሆን ድረስ።

ለኢርማ በስልክ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደብዳቤዬ እስኪደርስ አባባ ጀልባዋን ሊገዛ ከሳማንኮ ለመጣው ሰውዬ ቃል እንዳይሰጡ በያቸው» ብያታለሁ። ምክንያቱን ልትጎለጉለኝ ሞከረች፤ ዘጋሁባት። ለእርስዎ ራሴ በስልክ ልነግርዎት ብሞክርማ እንደሚያውቁት ነው፤ ሞተሩ ጆሮዎን ከወሰደው ወዲህ እኔ እየጮህኩ እርስዎ «ነፋሱ ነው? ነፋሱ ነው?» እያሉ ካርዱ ያልቃል። ደግሞ ይህ በጩኸት የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። የትሩሂዮዋ ልጅ ሉዝሚላ፣ እዚህ የሳልሞን ዓሣ ማጽጃው ውስጥ የምትሠራው፣ እሑድ ወደ አገር ቤት ትበርራለችና እሷ ታደርስልዎታለች። ከቅዱስ ጴጥሮስ በዓል በፊት እጅዎ እንድታስገባው አስምያታለሁ። እርስዎ የቅዱሱ ሐውልት በጀልባ ባሕሩን ዞሮ ወደብ ሲመለስ የሰጡትን ቃል ሰማይ ቢወርድ እንደማያጥፉ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እንዲህ የምሯሯጠው።

በሜይ የጻፍኩልዎን ደብዳቤ ይርሱት። እዚያ ላይ ያልኩዎት ነገር እውነት አይደለም። ልዋሽዎት ብዬ አልጻፍኩትም፤ ግን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነኝ ማለትም አልችልም። ከሥሩ ልጀምርልዎት።

በገና ሰሞን የጠየቁኝን ያስታውሳሉ። «አንቺ እዚያው ሳልሞኑ መሀል ነሽ» አሉኝ። «ያ ከአልጌ፣ ከውሃው አረንጓዴ ሽበት ተሠራ የሚሉት ዘይት የእኛን ትንሽ ዓሣ አንቾቬታን ይተካል ወይስ የሠነፍ ወሬ ነው? ይተካል ካልሽኝ ጀልባዋን እሸጣታለሁ። ወሬ ነው ካልሽኝ እስክሞት ከላይዋ አልወርድም» አሉኝ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ስሜን የሰጣት ጀልባ ናት፣ ዶኛ ዞይላን ሊሸጥ ነው እንግዲህ፣ ጉድ ስሙልኝ!» ስትል በስልኩ ውስጥ ሰምቻት ስቄያለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ጥያቄው ትከሻዬ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኖ ስበትን የእርስዎ ጥያቄ ከእጄ ጋር አብሮ ይመላለስ ነበር።

እዚህ እንዴት እንደምንሠራ በደንብ አልነገርኩዎትም መሰለኝ። ሳልሞኖቹ ባሕሩ ላይ በተዘረጋ የመረብ ጉረኖ ውስጥ ይኖራሉ። የሚበሉት እንደ ባቄላ ድቡልቡል ያለ ደረቅ መኖ ነው፤ በውስጡ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ደግሞ ከእኛው አንቾቬታ የተጨመቀ ነው። ከረጢቱን ስከፍት ወደባችን ቺምቦቴ ፊቴ ላይ ትመጣለች፤ እርስዎ ያጠመዷት ትሆን እያልኩ የማሸትበት ቀን ብዙ ነው። ኢንጂነሯ ማካሬና ታዲያ አምና በኦክቶበር ሁለት ትናንሽ ጉረኖዎች ለየች። በሦስተኛውና በአራተኛው ውስጥ ያሉት ዓሦች ዕድሜያቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ፣ ውሃቸው አንድ ነው። ሦስት የተለመደውን ባለ አንቾቬታ መኖ ይበላል፤ ከረጢቱ ሰማያዊ መስመር አለው። አራት ባለ አልጌውን ይበላል፤ የእሱ መስመር አረንጓዴ ነው። «አንቾቬታዋስ ያን ጥሩ ዘይት ከየት አመጣችው?» አለችኝ ማካሬና። «ከባሕር አልጌ በልታ እኮ ነው። እኛ አልጌውን በጋን ውስጥ አሳድገን ዘይቱን እንወስዳለን፤ ዓሣዋን እንዘልላታለን፤ እሷም በባሕሯ ትኑር።» ይህን ስነግርዎት ምን እንዳሉ አልረሳሁም። «ዓሣዋን ብቻ ነው እንዴ የሚዘሉት? እኔንም ነው የሚዘሉኝ እንጂ!» ብለው ነበር።

መኖውን በእጅ የምንበትነው ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና ዶን አብዶን ናሁኤልኪን። ዶን አብዶን የዚሁ የቺሎኤ ደሴት ሰው ናቸው፤ ከእርስዎ ሁለት ሦስት ዓመት ቢያንሱ ነው። ሳልሞን ሳይመጣ በፊት በአየር ቧንቧ እየተነፈሱ ከባሕር ሥር ዛጎል የሚለቅሙ ጠላቂ ነበሩ። እጃቸው እንደ መቅዘፊያ ነው፤ ልባቸው ግን ሲበዛ ገር ነው። ዓሦቹን ያነጋግራሉ። ዝናብ ሲጥል «ደግሞ ዛሬ እናንተም ልትረጥቡ ነው» ይሏቸዋል። ወሬያቸው ሲበዛብኝ እናደዳለሁ፤ አንድ ቀን ሲቀሩ ደግሞ ባሕሩ ጭር ይልብኛል።

በሜይ ዓሦቹን መዘንን። ሁለቱ ጉረኖዎች እኩል መጡ። እኩል ስልዎት ልዩነቱ አንድ ዓሣ የሚያህል እንኳ አልነበረም። ማካሬና አቀፈችኝ፤ ጭቃ በጭቃ አደረገችኝ። ያን ዕለት ነው እየተቻኮልኩ «አባባ፣ ይተካል፤ በዓይኔ አየሁት፤ አይጠራጠሩ» ብዬ የጻፍኩልዎት። እርስዎም ለሰውዬው «በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን እንነጋገር» አሉት። ኢርማ ስትነግረኝ በደስታ እንቅልፍ ከለከለኝ። የደስታዬን ምክንያት ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ አየሩ ሊከፋ ነው ስለተባለ የሠራተኛ ማመላለሻዋ ጀልባ ከወትሮው አስቀድማ ጉረኖዎቹ ጋ አደረሰችኝ፤ ዶን አብዶን ሁልጊዜ ከእኔ ቀድመው ነው የሚገኙት። ጉም ነበር፤ ከእግር በላይ አያሳይም። መረማመጃው ላይ እየተዳበስኩ ስሄድ የዶን አብዶንን ድምፅ ከአራት ቁጥር ጉረኖ ሰማሁ። «እንኩ እንግዲህ» ይላሉ፣ «ጎረቤቶቻችሁ የላኩላችሁ ነው። ቀስ ብላችሁ ብሉ፣ አትሻሙ። የእናንተንም አሁን አደርስላቸዋለሁ።» ጠጋ ስል እጃቸው ላይ ያለው ከረጢት መስመሩ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ሦስት ቁጥር አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ዶን አብዶን፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው። አልደነገጡም። እንዲያውም ፈገግ አሉ። «የእኔ ልጅ፣ አንቺ ከሩቅ ስለመጣሽ አታውቂውም» ብለው ያስረዱኝ ጀመር። እዚህ ደሴት ላይ አሳማ ሲታረድ ሽታው ለደረሰው ጎረቤት ሁሉ በሰሃን ይላካል፤ ሥጋው፣ የድንች ቂጣው፣ ጥብሱ። ዮኮ ይሉታል። የተላከለት ደግሞ እሱም ሲያርድ ይመልሳል። ሽቶት ያልቀመሰ ጎረቤት ማስቀመጥ እዚህ አገር ነውር ነው፤ ሰው ከሰው የሚቆራረጥበት ነውር። «ሞገዱ የሦስትን ዘይት ሲያመጣ» አሉኝ፣ «የአራት ዓሦች በዚያ በኩል መረቡ ላይ ይደረደራሉ። ታያቸዋለሽ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። አንጀቴን በሉት። ከጃንዋሪ ጀምሮ በየቀኑ ከሦስት ትንሽ እልክላቸዋለሁ። ደግሞ አራት ቢሆን ቀማኛ እንዳይባል የራሱን ለሦስት ይልካል። እዚህ ባዶ እጁን የሚቀር ጎረቤት የለም። ማን ተጎዳ? ተመልከቻቸው፣ ሁለቱም እንደ ከንቲባ ወፍረዋል!»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እመኑኝ፣ ጉሙ ውስጥ ቆሜ እንደ እብድ ሳቅሁ። ስንት ወር ሙሉ ሁለቱ ጉረኖዎች ከአንድ መሶብ ሲበሉ ከርመው፣ እኛ እኩል አደጉ ብለን ተቃቀፍን! ከዚያ የእርስዎ ጀልባ ትዝ አለችኝ፤ ሳቄ ደረቀ። ለዶን አብዶን ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ሙከራው ለምን እንደሆነ፣ አንዱ የሌላውን ከቀመሰ ምንም ማወቅ እንደማይቻል ነገርኳቸው። ቀስ በቀስ ገባቸው። የሱፍ ቆባቸውን አውልቀው ከረጢቱ ላይ ተቀመጡ። «ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም» አሉ። «ሰማያዊውን እዚህ፣ አረንጓዴውን እዚያ አሉኝ እንጂ አትላላኩ ያለኝ የለም።» እውነታቸውን ነው። የነገርናቸው ማን ምን እንደሚበላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም። ትምህርት የጨረስነው ሰዎች ነገሩ ለሁሉም የሚታይ መስሎን ነበር።

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። አሁንም ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቼ ተመልሻለሁ።

በአፕሪል አንድ ጠዋት፣ አራት ቁጥር ጉረኖ መረማመጃ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ባዶ ከረጢት አግኝቼ ነበር። አባባ፣ አየሁት። እዚያ ቦታ ምንም ሥራ እንደሌለው አውቃለሁ። መመርመር ሥራዬ ነው፣ የተቀጠርኩት ለእሱ ነው። እኔ ግን ነፋስ አምጥቶት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩና አጣጥፌ ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት። ነፋስ እርጥብ ከረጢት ተሸክሞ መረማመጃ እንደማይሻገር የማላውቅ ሆኜ ነው? የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ እኮ። ለምን እንደጣልኩት ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅሁም። ኋላ ነው የጠየቅሁት፣ መልሱም ደስ አላለኝም።

ክፋቴ በዚህም አላበቃም። ሰኞ ዕለት ዶን አብዶን «ተነሽ፣ ለኢንጂነሯ እንንገራት» ሲሉኝ፣ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጥቂት ቀን ብቻ» አልኳቸው። ለሥራቸው የሰጋሁ መስሏቸው አመሰገኑኝ። ለእሳቸውም ሰግቼ ነበር፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን ልቤ የሚያሰላው ሌላ ነበር። ዝም ካልን የሜይ ሚዛን እንደ ጸና ይቀራል፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ይደርሳል፤ እርስዎ የሰውዬውን እጅ ይጨብጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ እውነቱ ቢወጣም ጀልባዋ የሰው ናት። ይህን አሰብኩ። አስቤም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። ሥራ ላይ ግን መኖውን ሁለት ጊዜ ከጉረኖው ውጪ በተንኩት።

ሐሙስ ዕለት ዶን አብዶን እኔ ቤት ድረስ መጡ። ሚስታቸው ዶኛ ኤዲታ የጋገረችውን ትኩስ ሚልካኦ፣ ያን የምወደውን የድንች ቂጣ፣ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ሲቀመጡ ግን ፊታቸው የሐዘን ቤት ፊት ነበር። «ምግብ አልወርድልህ አለኝ» አሉኝ፤ እሳቸው ሲጨንቃቸው ሴቷንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት። «ምን እየጠበቅን ነው?» ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ስለ እርስዎ፣ ስለ ጀልባዋ፣ ከሳማንኮ ስለመጣው ሰውዬ፣ ስለ ባዶው ከረጢትም ነገርኳቸው።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔም ጀልባ ነበረኝ። አንድ የማምነው ሰው፣ ባሕሩ ለጠላቂ ሊዘጋ ነው ብሎ ነገረኝ። ሸጥኳት። ባሕሩ አልተዘጋም፤ ሰውዬው ለወንድሙ ጀልባ ይፈልግ ኖሯል። ጀልባዋ መሸጧ አይደለም እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ አርጅታ ነበር፣ መሸጧ አይቀርም ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ሰው በእኔ ራስ ማሰቡ ነው። አባትሽ በራሱ ራስ ያስብ፣ ልጄ። አንቺ ስትዋሽው ቢያውቅ ከእጅሽ ውሃ አይጠጣም።» ይህን ብለው ሚልካኦውን ቆርሰው ሰጡኝ። አልቅሼ ስለነበር ጨው ጨው አለኝ።

በማግሥቱ ሁለታችን ማካሬና ቢሮ ገባን። ዶን አብዶን ቆባቸውን እያሻሹ ስለ ዮኮው ተናገሩ። ማካሬና «ስለዚህ አንድ ዓይነት መኖ ለሁለት ጉረኖ አብልተን፣ እኩል አደጉ ብለን ተደሰትን ማለት ነው?» አለች። «ጥሩ አድርገው ነው ያደጉት ግን» አሉ ዶን አብዶን ቀስ ብለው። እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ አምሽታ እያነበበች፣ አለቆቿን እየለመነች ያመጣችው ሥራ ነው። ሳቋ ሲያበቃ የእኔን ተራ ጠበቅሁና የአፕሪሉን ከረጢት ነገርኳት። እሱን ስትሰማ አልሳቀችም። ዶን አብዶን አላወቁም፤ እኔ ግን አውቄ ነው። እስከ ዛሬ ስታናግረኝ ዓይኔን አታይም፣ ይገባኛልም።

ሙከራው ተሰርዟል። በሴፕቴምበር ከአዲስ ጫጩት ዓሣ ተነስተን እንደገና እንጀምራለን። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቶኛል፤ ከሥራ ግን አልወጣሁም። ዶን አብዶንም አልተባረሩም፤ መረብ ወደሚጠገንበት ወደ ባሕር ዳሩ ግቢ አዛወሯቸው። ደሞዙ ያው ነው፤ ዝናብም አይመታቸውም። እሳቸው ግን «እዚያ ከማን ጋር ላወራ ነው?» ብለው ብቻ ሄዱ። ትናንት ጉረኖዎቹ ጋ ብቻዬን ስሠራ፣ የአራት ዓሦች በዚያ በኩል መረቡ ላይ ተደርድረው አየኋቸው። ጀርባዬን ሰጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀኑን ሙሉ አላስቻለኝም።

እንግዲህ ጥያቄዎ መልስ ሳያገኝ እንዳለ ቀርቷል። የአልጌው ዘይት የእኛን ዓሣ ይተካል? ማካሬና በሌላ አገር ውሃ ተሞክሮ ደህና ነው ትላለች፤ ዓሦቹ ይበሉታል፣ ያድጋሉ፣ ሥጋቸውም ያን ለልብ ይበጃል የሚሉትን ስብ አያጣም ትላለች። ዋጋውና ብዛቱ ግን ገና ነው ትላለች። ልጅቷ ዋሾ አይደለችም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነገር ግን የለም። በሦስት ዓመት ይሁን በሠላሳ፣ በሙሉ ይሁን በግማሽ፣ አላውቅም። እርስዎ ራስዎ መረቡ ውስጥ እየገባ ያለው ዓሣ ጥፍር እያከለ መምጣቱን፣ ባሕሩ ለመላው ዓለም ጉረኖ ሊበቃ እንደማይችል ነግረውኛል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከዚህ የበለጠ እውቀት አለኝ ብል እንደገና መዋሸት ይሆንብኛል።

አሁን ያን ባዶ ከረጢት ለምን እንደጣልኩት ልንገርዎት። አጎቴ ፊደንሲዮ ከጀልባዋ ወድቆ ከቀረ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ቀን ሲመለሱ ፊትዎን አይቻለሁ። ስለ እሱ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም፤ እርስዎም በሳምንቱ ተመልሰው ባሕር ወጡ። እማዬ እርስዎ በወጡ ቁጥር የወደቡን ራዲዮ ከፍታ ድንች ትልጣለች። ለማን እንደሆነ አታውቅም፣ ዝም ብላ ትልጣለች፤ እስኪመለሱ ድረስ ባልዲው ይሞላል። በማርች ጀልባዋ ላይ አዳልጦዎት ጎድንዎን መመታትዎንም ሰምቻለሁ። «ለኔሊዳ እንዳትነግሯት» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ እዚህ ስነሳ የራሴን ሰማይ ሳላይ በስልኬ የቺምቦቴን ነፋስ ነው የማየው። እዚህ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነኝ።

ስለዚህ አልጌው እንዲሠራ የፈለግሁት ለባሕሩም፣ ለማካሬናም፣ ለእውቀትም ብዬ አልነበረም። አንድ ትልቅ የተማረ ምክንያት መጥቶ እርስዎን ከዚያች ጀልባ እንዲያወርድልኝ ነበር የምፈልገው። እኔ በልጅ አፌ ልለምንዎት አፍሬ ነበር፤ እምቢ እንዳይሉኝም ፈርቼ ነበር። በአልጌ አሳብቤ ላወርድዎ ነበር፣ አባባ። አሁን ማሳበቢያ የለኝም። ስለ ዘይቱ ለጠየቁኝ መልሴ አላውቅም ነው። ሳይጠይቁኝ የምልዎት ደግሞ ይህ ነው፦ ፈርቻለሁ። ልጅዎ ስለፈራች ብቻ፣ ሌላ ምንም ምክንያት ሳይኖር፣ ይውረዱልኝ።

እምቢ ቢሉም አልቀየምዎትም። የራስዎ ጀልባ፣ የራስዎ ራስ ነው። እምቢ ካሉ ግን ያን ተንሳፋፊ ጃኬት ትራስ ማድረጉን ይተዉና ይልበሱት። እዚህ እኛ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ እንኳ ካልለበስን አያስወጡንም፤ መጀመሪያ ያስቃል፣ ከዚያ ይለመዳል።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ድንቹን ለጎረቤት ታድለው፣ መድኃኒቷን አትርሳ በሉልኝ። የኢርማን ባል ኡሊሴስን ሰላም በሉልኝ፣ ጣሪያውን ጠገነው ወይስ አሁንም ባልዲ ነው የሚደቅነው? ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሙልኝ፤ ለትልቋ የሱፍ ካልሲ በሉዝሚላ ልኬላታለሁ፣ ዶኛ ኤዲታ የሠራችው ነው። የጀልባዋን ሰዎች በሙሉ፣ በተለይ ወጥ ሠሪውን አጎቴ ሴቬሪኖን፣ እንደምን ሰነበታችሁ በሉልኝ። ኢርማ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁና፣ ቅር እንዳይላቸው ብለሽ አንድ መስመር እንዳትዘልዪ፤ ስለ አጎቴ ያለው ቦታ ላይ ተነስተው ሊሄዱ ቢሉም እስኪመለሱ ጠብቂና ከዚያው ቀጥዪ። መልስ እንዲጽፉልኝ አታስጨንቂያቸው። ከበዓሉ በኋላ ባሕር ወጥተው እንደሆነ ወይም ቤት እንደሆኑ ብቻ ንገሪኝ።

እጅዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ ኔሊዳ

ኬዮን፣ ቺሎኤ ደሴት፣ ቺሊ
ጁን 15 ቀን 2022